የሕፃናት ትኩሳትና አንዲት ጠብታ ደም

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ የጣና ዳር አገር እጅግ ያማረ ይሆናል። የፎገራና የደምቢያ ሜዳ ውሃ ጠግቦ ይተኛል፤ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለው የሐይቁ ዳርቻ በልምላሜ ይሸፈናል። ነገር ግን ለዓይን ደስ የሚያሰኘው ይህ ወራት በሐይቁ ዙሪያ ለሚኖሩ እናቶች የሥጋት ወራት መሆኑ ከአንባቢዎቻችን የተሰወረ አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የምትበረታበት ጊዜ እንደ መሆኑ መጠን፥ በየጤና ጣቢያው ደጃፍ ሕፃን ያቀፉ እናቶች ተራ ይዘው ተቀምጠው ይታያሉ።

እናቲቱ የምትናገረው ቃል በየትም ስፍራ አንድ ነው። «ሲስተር፥ ልጄን ያተኩሰዋል» ትላለች። የልጁ ጣት ይወጋል፤ አንዲት ጠብታ ደም ትወሰዳለች፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ ወይም በፈጣን መመርመሪያ ታይቶ ወባ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ይነገራታል። ወባ ከተገኘ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ወባ ካልተገኘስ? በዛሬው ጽሑፋችን ልናመለክት የምንወደው ይህን ነው። ያች አንዲት ጠብታ ደም ብዙ ልትነግረን ስትችል እኛ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠይቀናት እናሰናብታታለን።

በጣና ዙሪያ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው የሚለው ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀምር፥ የዚያ እልቂት ትዝታ በአገሩ ሰው ልብ ገና ትኩስ ነበረ። ብዙም ሳይቆይ ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ ወባ ከቆላው አልፋ ወደ ወይና ደጋው ወጣች፤ በ3 ሚሊዮን ያህል ሰው ላይ እንደ ወደቀችና 150 ሺህ ያህል ነፍስ እንዳጠፋች የጊዜው ባለሙያዎች ያደረጉት ግምት ያስረዳል። ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ በመላ ኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ በሽተኞችና 1,157 ሟቾች መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ስለዚህ ማንም ሰው «የወባ ምርመራ ይቅር» ቢል የሚሰማው አይገባም። ወባ ትቅደም፤ ነገር ግን ወባ ብቻ ትሁን ማለት ሌላ ነው።

ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ከጣና በስተምሥራቅ ያለውን የሊቦ ከምከምን ወረዳ ምስክር ማድረግ ይበቃል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋግና በቡራ አካባቢ ትኩሳት የያዘው ሰው መድኃኒት እየወሰደ የማይድን ሆነ። ሰዎች ከሱ፤ ሆዳቸው በጣፊያ እብጠት ተነፋ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሞቱ። በሽታው መድኃኒት የተላመደች ወባ ናት ተብሎ ታምኖ ነበር። እውነቱ የታወቀው በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. ነው፤ በሽታው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ከፍቶ ብዙ ሰው አድኗል።

ካላዛር የያዘው ሰው ደሙ ቢቆጠር ቀዩም ነጩም ሕዋስ፥ ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌት የሚባሉትም በአንድነት ወርደው ይገኛሉ። እርግጥ ነው፥ ወባም አንዳንድ ጊዜ ይህን ስለምትመስል ቆጠራው ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ነገር ግን ለሳምንታት በቆየ ትኩሳት ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ የወባ መድኃኒት ደጋግሞ ከመስጠት ይልቅ «ይህ ሌላ ነገር ይሆን?» ብሎ ለመጠየቅ ያነሣሣ ነበር። ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ እንግዳ በደጃችን ቆሟል። ደንጊ የሚባለው ትኩሳት በአገራችን በምርመራ ተረጋግጦ የታወቀው በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሽታው ይዟቸዋል ተብሎ ተመዝግበዋል። ከዚያ በሶማሌ ክልል በጎዴ፥ በኋላም በአፋር ታይቷል። እነዚህ ሁሉ ከጣና ሩቅ ናቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትኩሳት ይዟቸው ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሆስፒታሎች የመጡ ሰዎችን ደም መርምረው የደንጊን ምልክት በብዙዎቹ ላይ ማግኘታቸውን ካስታወቁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከመተማ ወደ ጎንደር፥ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ የሰሊጥ ጭነትና በአጨዳ ወራት ወደ ቆላ ወርዶ የሚመለሰው የቀን ሠራተኛ የሚመላለስበት ነው። ይህን ስንል ባሕር ዳርን ደንጊ ወርሯታል ለማለት አይደለም። ነገር ግን የማይፈልጉት ነገር ቢኖርም አይታይም።

ደንጊን የምታዛምተው ትንኝ የወባዋ ዓይነት አይደለችም። ወባ አማጪዋ በሌሊት ስትናከስ ይህችኛዋ ቀን ትናከሳለች፤ ስለዚህ በአልጋ ላይ የሚዘረጋው አጎበር ብቻውን አያስጥላትም። የምትፈለፈለውም በረግረግ ሳይሆን በቤታችን ደጅ ነው፤ ክዳን በሌለው በርሜል፥ በእንስራ፥ በተጣለ የመኪና ጎማ ውስጥ በቆመ ውሃ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውሃ አጠራቅሞ የማያስቀምጥ ቤት የለምና፥ ነገሩ የከተማውን ሰው ከገጠሩ ይልቅ ይመለከተዋል።

የደንጊ ክፋቱ አታላይነቱ ነው። አብዛኞቹ በሽተኞች ከሳምንት በኋላ ተነሥተው ይሄዳሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን፥ ይልቁንም በሕፃናት ላይ፥ ሌላ ነገር ይከተላል። ትኩሳቱ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ገደማ ይበርዳል። እናት «ተመስገን፥ ልጄ ተሻለው» ትላለች። የሚያስፈራው ሰዓት የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። የደሙ ውሃ፥ ፕላዝማ የሚባለው፥ ከደም ሥር እየሾለከ ወደ ሆድና ወደ ደረት ይፈስሳል፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፤ የልብ ምት ይቀጥናል፤ ካልታገዘም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ልጁ ይሞታል። ትኩሳቱ በርዶ ሳለ የሆድ ሕመም፥ የማያቋርጥ ትውከት፥ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፥ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ ከታየ እናት ሌሊት ነው ሳትል ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ አለባት።

ይህ የታወቀው በብዙ ሕፃናት ሞት ነው። ደምቢያ በወባ በታመሰችበት ዘመን፥ በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ደም የሚያፈስስ እንግዳ ትኩሳት ሕፃናትን ያጠፋ ጀመር። እኛ አገር ታላቁ የወባ ወረርሽኝ በተነሣበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ደግሞ በባንኮክ ተነሣ። በባንኮክ የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩት ሐኪም ዶክተር ሱቺትራ ኒማኒትያ ከሕፃናቱ አልጋ ሳይርቁ፥ ደማቸውን በየጊዜው እያስለኩ የበሽታውን አካሄድ ተከታተሉ። የእሳቸው ሥራ ኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ላወጣው መመሪያ መሠረት ሆኗል። ዛሬ በደንብ የተያዘ የደንጊ በሽተኛ የመሞቱ ዕድል ከመቶ ከአንድ በታች ወርዷል። ይህን ያመጣው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ ደንጊን የሚገድል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሰዓቱን አውቆ መጠበቅና ፈሳሽ በልክ መስጠት ነው። ሰዓቱን የሚናገረው ደሙ ነው።

እንዴት ይናገራል ቢባል፥ አስቀድሞ ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥራቸው ይቀንሳል። ቀጥሎ ፕሌትሌት ይወርዳል፤ በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ሲሆን ከ100 ሺህ በታች መውረዱ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። በመጨረሻ ሄማቶክሪት ይወጣል። ሄማቶክሪት ማለት ቀዩ ደም ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ የሚለካበት ቁጥር ነው። ደሙ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ተደርጎ ሴንትሪፉጅ በሚባል መሣሪያ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሲሽከረከር፥ ጠላ ሲሰክን አተላው እንደሚዘቅጥ ሁሉ ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቢጫው ውሃ ከላይ ይቀራል። ውሃው ከደም ሥር ሲሾልክ የቀረው ደም ይወፍራልና የቀዩ እጅ ከፍ ይላል። ከቀድሞው በመቶ 20 ከፍ ካለ ልጁ አደጋ ላይ ነው።

«ከቀድሞው» በሚለው ቃል ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የእኛ አገር ነገር የሚለየው በዚህ ነው። በጣና ዙሪያ በወባና በመንጠቆ ትል ደሙ ያነሰ ሕፃን ብዙ ነው። የአንዱ ልጅ ሄማቶክሪት በደኅናው ጊዜ 30 ነበር እንበል። ዛሬ ተለክቶ 36 ቢገኝ፥ ቁጥሩን ብቻ ያየ ባለሙያ «ደሙ መልካም ነው» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። በእውነቱ ግን በመቶ 20 ከፍ ብሏል፤ ልጁም ውሃው እየፈሰሰበት ነው። ደግሞ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በከፍታ የሚኖር ሰው ቀይ ደሙ በተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከባንኮክ መጽሐፍ የተቀዳ ቁጥር እንዳለ አይሠራም። አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ብዙ አይጠቅምም ማለት ነው። የሚጠቅመው ልጁ በመጣበት ቀን ተለክቶ በማግሥቱም በሠልስቱም ሲደገም ነው።

ይህንኑ ከቬትናም የተገኘው ጥናት ያረጋግጣል። በሆ ቺ ሚን ከተማ ደንጊ ይዟቸው ሆስፒታል የተኙ 2,301 ሕፃናት በየቀኑ ፕሌትሌታቸው ሲቆጠር ቆይቷል። ከእነርሱ ውስጥ 143ቱ ደም ሥራቸው ፈስሶ ወደ ድካም ወደቁ። እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ፕሌትሌታቸው ዝቅ ያለና ከቀን ወደ ቀንም በፍጥነት የሚወርድ ሆኖ ተገኝቷል። በቅርቡም፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021፥ በቬትናም፥ በካምቦዲያ፥ በማሌዥያና በኤል ሳልቫዶር በሽተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የትኩሳት ቀኖች ከተወሰደ ደም አሥር ልዩ ልዩ ምልክቶችን ለክተው፥ ብዙዎቹ ኋላ በሚጠናበት ልጅ ደም ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ከፍ ብለው አግኝተዋል። ከአሥሩ መካከል ፌሪቲንና ሲአርፒ የሚባሉት በትልልቅ ላቦራቶሪዎች ዛሬም ይለካሉ። ሥራው የሚደነቅ ነው። ሆኖም የጣና ዳር ጤና ጣቢያዎች እነዚህን ውድ ምርመራዎች እስኪያገኙ ድረስ ይጠብቁ የሚል አስተያየት የለንም። ሴንትሪፉጁና የቁጥር መሣሪያው ይቅደም።

አሁን ወደ ወባ እንመለስ፤ ነገሩ እጅግ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነውና። ወባ የጠናበት ሕፃንም ፕሌትሌቱ ይወርዳል። በዚህ ሁለቱ በሽታዎች ይመሳሰላሉ። ሄማቶክሪቱ ግን በወባ ወደ ታች ይሄዳል፤ በከባድ ደንጊ ወደ ላይ ይወጣል። በወባ ሄማቶክሪቱ ከ15 በታች የወረደ ሕፃን ደም ያስፈልገዋል፤ ስኳሩም ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መለካት አለበት። በደንጊ የወፈረበት ልጅ ደግሞ በሰዓት ተመጥኖ የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ልጆች ትኩስ ሆነው መጥተው አሁን እጃቸው ቀዝቅዟል፤ ሁለቱም ፈዝዘዋል። በዓይን አይለዩም።

ነገሩን በግምት መሥራት ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ሌላ ምስክር ከጎረቤቶቻችን አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በኬንያ፥ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ትኩሳት የጠናባቸውና ደማቸው በሚገባ የማይዘዋወር 3,141 ሕፃናት የገቡበት ጥናት ውጤቱ ታወቀ። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ውስጥ በ48 ሰዓት ከመቶ 10.5 ያህሉ ሲሞቱ፥ በዝግታ ከተያዙት የሞቱት 7.3 ነበሩ። ብዙዎቹ ወባ የያዛቸው፥ ደማቸውም ያነሰ ነበር። እንግዲህ የደንጊን ልጅ የሚያድነው ፈሳሽ ለሌላው ልጅ ሞት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር «ጉሉኮስ ይሰካልኝ» ብሎ ሐኪሙን የሚለምን ወላጅ ብዙ ነው፤ ያልተሰካለት እንደ ሆነ እንዳልታከመ ይቆጥረዋል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል።

የመርፌውም ነገር እንደዚሁ ነው። ትኩሳት ቶሎ እንዲበርድ ተብሎ የሚወጋው ዲክሎፌናክ፥ በአፍ የሚሰጠው አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም፥ ፕሌትሌቱ በወረደ ልጅ ላይ መድማትን ያብሳሉ። ለትኩሳት በልኩ የሚሰጥ ፓራሲታሞል ይበቃል። ደግሞም ወባ የለበትም የተባለ በሽተኛ ሁሉ በአንድ ጠብታ ደም «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት ተሸክሞ የሚወጣበት አሠራር፥ ምርመራው የቆየና ብዙ ጊዜ የሚያሳስት መሆኑ እየታወቀ፥ በየክሊኒኩ ቀጥሏል። ሰው ስም ያለው በሽታ ሲነገረው ልቡ ያርፋል። «ገና አላወቅነውም፤ ነገ ደሙን መልሰን እንይ» የሚል ባለሙያ ግን እንደ ደካማ ይታያል፤ እኛ ግን የሚመሰገነው እርሱ ነው እንላለን።

በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ ሐኪሞችን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲም አለ። ከተማዋ ከዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። ችግሩ ከከተማው ውጭ ነው። ከደቅ ደሴት የታመመ ልጅ ይዛ በጀልባ የምትመጣ እናት ሐይቁን ለመሻገር ሰዓታት ይፈጅባታል፤ ማዕበል ከተነሣ ደግሞ ጀልባው አይነሣም። በደንጊም ሆነ በወባ የሚያጠፋው የጊዜ ማለፍ ስለ ሆነ፥ ልጁ ገና ደኅና መስሎ ሳለ አስቀድሞ እንዲላክ የሚያደርግ ምልክት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲታሰብበት እንጠይቃለን። በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ የሄማቶክሪት መለኪያ ይኑር፤ መብራት በጠፋም ጊዜ ላቦራቶሪው እንዳይቆም ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል ይደረግለት። ላቦራቶሪውም ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትና እሑድም ሰው ይኑረው። ሁለተኛ፥ ወባ የሌለበት ትኩሳት ሲበዛ ከጥቂት በሽተኞች ደም ተወስዶ ደንጊ እንዳለበት እንዲመረመር ይላክ፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀኖች የቫይረሱን ፕሮቲን የሚያሳይ ምርመራ አለ፤ ሥራውም በክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አማካይነት ሊሠራ ይችላል። በሊቦ ከምከም እንደ ሆነው ሁለት ዓመት እስኪያልፍ መቆየት የለብንም።

ሦስተኛው ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሕፃን ሁሉ አንዲት ካርድ ይሰጠው። በካርዷ ላይ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፥ የወባ ምርመራው ውጤት፥ ከዚያም በየቀኑ የተለካው ሄማቶክሪትና ፕሌትሌት ይጻፍ፤ የተሰጠው መድኃኒትና የመርፌውም ዓይነት ይጨመር። ካርዷን እናት ትያዛት እንጂ መዝገብ ቤት አይቅር። ልጁ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲላክ ተረኛው ሐኪም የትናንቱንና የትናንት ወዲያውን ቁጥር ከዛሬው ጋር አስተያይቶ ልጁን የት እንደሚያስተኛው፥ በየስንት ሰዓቱም ደሙን እንደሚያስለካ ወዲያው መወሰን ይችላል።